ቁልፍ የሚይዝለት ሰው ያጣው ሥራ አስኪያጅ

«ቁልፉን ለማን ትሰጣለህ?»

እትዬ እንዲህ ብለው ሲጠይቁት ሥራ አስኪያጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ…

የሳቀው ብቻውን ነበር።

እትዬ የሳሙና ፋብሪካው ባለቤት ናቸው። እሱ ደግሞ የእህታቸው ልጅ። አርጅተዋል፣ የወለዱት የለም… ፋብሪካውን ሊያስረክቡት ወረቀቱን ይዘው የመጡት በዚያን ቀን ነው። የቀረው ፊርማቸው ብቻ ነበር።

«ከመፈረሜ በፊት ግን» አሉት፣ «አንዴ ማደባለቂያው ውስጥ ገብተህ ቢላዎቹን ፋቅልኝ። እኔም ፍቄያለሁ። ባለቤቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፍቋል።»

ማደባለቂያው ሰው ገብቶ የሚቆምበት የብረት ጋን ነው። ሆዱ ውስጥ ክንድ ክንድ የሚያክሉ ቢላዎች ይሽከረከራሉ። በየሳምንቱ አንድ ሰው ገብቶ የደረቀውን ሳሙና ይፍቃል። ሰው ውስጥ እያለ ማብሪያው በጓጉንቸር ይቆለፋል… ቁልፉ አንድ ብቻ ነው።

ከኪስ የወደቀ ብረት ቢላውን ስለሚሰብር የሚገባው ሰው ኪሱን አራግፎ፣ ቁልፉን ለሚያምነው ሰው ይሰጣል። ያ ሰው ጓደኛው እስኪወጣ ድረስ ከማብሪያው ሥር ንቅንቅ አይልም።

በአጭሩ… ነፍስህን ነው አደራ የምትሰጠው።

«ምረጥ እንግዲህ» አሉት እትዬ ቁልፉን አስጨብጠውት። አርባ ሠራተኛ ቆሞ ያየዋል።

መጀመሪያ ኤሌክትሪሻኑን አየ… ባለፈው ወር ማሽኑን ከሞት ያዳነው ኤሌክትሪሻኑ ነበር። ሪፖርቱ ላይ የሰፈረው ስም ግን የሥራ አስኪያጁ ነው።

ሹፌሩን አየ… «እናቴ ታማብኛለች» ብሎ ፈቃድ ሲጠይቀው «እናትህ ስንቴ ነው የምትታመመው?» ብሎ አሾፈበት። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

እሽግ ክፍል በር ላይ የቆመችውን ሴት አየ… «ሚዛን» ነው የሚሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሚዛን ላይ የሠራች ሴት ናት። ሁለት መቶ ግራም የሚል ወረቀት ውስጥ መቶ ሰማንያ ግራም ሳሙና ጠቅልሎ «ልክ ነው ብለሽ ፈርሚ» ቢላት አሻፈረኝ አለች። በማግስቱ ሳጥን ስታሽግ ዋለች።

እሷን ቶሎ አለፋት።

ከዚያ ወዲያ ማንን እንደሚያይ ጠፋው…

ይሄ እኮ አሥራ ስድስት ካሜራ ያስገጠመ ሰው ነው። ማን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደሄደ በደቂቃ ያውቃል። ለዚህም ነው ከኋላው «ካሜራው» የሚሉት።

በመጨረሻ ዓይኑ «ጆሮ» ላይ አረፈ። ጆሮ ወሬ አቀባዩ ነው። ማን ምን እንዳለ በየቀኑ ቢሮው ገብቶ ያራግፍለታል።

«ና፣ ያዝ» አለና ቁልፉን ዘረጋለት። ጆሮም እጁን ዘረጋ።

ቁልፉ ግን ከጣቱ አልላቀቅ አለ…

ይሄ ሰው ምሳ አብሮት የሚበላውን ጓደኛውን ሸጦለታል። እሱን የማይሸጥበት ምን ምክንያት አለው?

ቁልፉን መልሶ ጨበጠ።

«እንዴ አለቃ… ጆሮንም አላመኑትም?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አፍህን ዝጋ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረ። «ይሄ የሥራ አስኪያጅ ሥራ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ይጠሉኛል… ቢያበሩብኝስ? ይገድሉኛል እኮ።»

እትዬ ኤሌክትሪሻኑን «የሞተሩን ክዳን አንሳው» አሉት።

ክዳኑ ተነሳ…

ውስጡ ባዶ ነው። ሞተር የለም።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተፈትቶ ለጥገና ሄዷል» አሉ እትዬ። «አራት ሰው ተሸክሞ በቢሮህ በር ፊት ለፊት ነው ያወጣው። ቀኑን ሙሉ ማብሪያውን ብትጫነው ቢላው አይነቃነቅም። አርባውም ሰው ያውቃል… ካንተ በቀር።»

«ደብቁት ብለዋቸው ነዋ…»

«ማንንም ደብቅ አላልኩም። ሊነግርህ የፈለገ ሰው ጠፋ እንጂ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጆሮ ዞረ። «አንተስ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ የሚጠይቁኝ ስለ ሰው ነው… ስለ ማሽን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

እትዬ ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «እናንተ ብትገቡስ ቁልፉን ለማን ትሰጡ ነበር?»

ሠላሳ ዘጠኝ አንገት በአንድ ጊዜ ወደ እሽግ ክፍል በር ዞረ። የጆሮ አንገት እንኳ አልቀረም። አርባኛው የሷ የራሷ አንገት ነበር።

ሚዛን ፈገግ እንኳ አላለችም።

«ሊሾሙኝ አስበው ከሆነ ይቆየን እትዬ» አለች። «መጀመሪያ ከሳሙናው ላይ የተቀነሰው ሃያ ግራም ይመለስ። በእርስዎ ስም ከሰው እየሰረቅን ነው።»

እትዬ የሳሙናውን ጉድ የሰሙት ገና ያኔ ነው። ፊታቸው አመድ መሰለ… ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሥራ አስኪያጁ ወደ በሩ አመራ። የሚሸኘው ቀርቶ መንገድ የሚለቅለት እንኳ አልነበረም።

«ስማ» አለው ሹፌሩ። አለቃም አላለውም፣ አንቱም አላለውም። «ቁልፉን አስቀምጠህ ሂድ።»

ወዳጆቼ… ወንበር በዝምድና ይገኛል። ሰውን አስፈራርቶ ማሠራትም ይቻላል። የፈራ ሠራተኛ ግን እጁን እንጂ ልቡን አያመጣም፣ አደጋ ሲመጣም አይነግራችሁም። በሐቅ ያልሠራ፣ የሌላውን ድካም የራሱ ያደረገ አለቃ ድርጅቱን ቀርቶ አንድ ቁልፍ የሚይዝለት ሰው አያገኝም።

እስቲ እውነቱን እናውራ… እናንተ ብትሆኑ ቁልፋችሁን ለማን ትሰጡ ነበር? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉለት፣ ይወቀው።

ከባዱ ጥያቄ ግን ይሄ ነው… አብረዋችሁ ከሚሠሩት ሰዎች መካከል ቁልፉን ለእናንተ የሚሰጥ ስንት ሰው አለ?