ሁለት ክፍል፣ አንድ ምት

ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ናቸው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ በአንዱ ያሉት አዛውንቱ መሐንዲስ ጋሼ ሲያስሉ በሌላው ያለው ወጣቱ መሐንዲስ ይሰማዋል። ስለ ሥራው ግን አንዲት ቃል መለዋወጥ ክልክል ነበር።

የሚሠሩት ለበሽተኛ በደም ሥር መድኃኒት እየመጠነ የሚገፋ ፓምፕ ነው። ውስጡ ሁለት ቺፖች አሉ። በአንድ የሰዓት ምት፣ እንደ ሰልፈኛ እግር፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ አብረው ይራመዳሉ፦ ጠብቅ፣ ግፋ፣ አቁም። አንዱ «ግፋ» ላይ ሆኖ ሌላው «አቁም» ላይ ከተገኘ ፓምፑ ወዲያው ቆሞ ይጮኻል።

አንዱን ቺፕ ጋሼ፣ ሌላውን ወጣቱ ለየብቻ የሚነድፉትም ለዚሁ ነው። ተለያይተው የሚሠሩ ሰዎች ያው አንድ ስሕተት ላይ አይገናኙም። ከተገናኙ ግን ቺፖቹ ተስማምተው ይሳሳታሉ፤ የሚጮኽም አይኖርም።

ወጣቱን ባልደረቦቹ «ምናልባት» ይሉታል። ሻይ ትጠጣለህ ወይ ቢሉት እንኳ መልሱ እሷው ናት። ቧንቧ ዘግቶ ሦስቴ ተመልሶ የሚያይ ሰው ነው።

ያስቸገረው አንድ ቦታ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቺፖቹ ከየትኛው ደረጃ ይነሱ? ሰኞን ሙሉ ሰሌዳው ላይ ክብና ቀስት ሲስል ዋለ። ከግድግዳው ወዲያ የጋሼ ሳል እንጂ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ወደ ማምሻው ላይ አንድ መልስ አገኘ። አላመነውም። ግፊቱ ገና ሳያልቅ መብራት ቢጠፋስ? ፓምፑ የሰጠውን መድኃኒት ረስቶ እንደ አዲስ ቢሰጥስ? ራሱን አሞት፣ ሰሌዳውን እንዳለ ትቶት ወጣ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ኋላ ቀርተው ክፍሎቹን ዘጋጉ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰሌዳውን አጠፋው። ከግድግዳው ወዲያ የማርከር ጭረት ይሰማ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጋሼ በስልክ ሊነጋገሩ ሲወጡ በራቸው ገርበብ ብሎ ቀረ። ወጣቱ ሊያልፍ ነበር፤ እግሩ እምቢ አለው። ሰሌዳቸው ላይ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው፣ መልሱ በሠንጠረዥ ተቀምጧል። እሱም ወደዚያ የሚጠጋ ነገር ሞክሮ ነበር፤ ያኔ ትክክል አልመሰለውም። በጋሼ እጅ ሲጻፍ ግን እንዴት ጥርት አለ! እሳቸው በዚህ ሥራ ያሸበቱ ሰው ናቸው።

ወደ ክፍሉ ተመልሶ ያንኑ ነደፈ። እጁ አንዴም አልተደናቀፈም።

በፈተናው ቀን መርማሪዋ ሁለቱን ቺፖች አገናኘቻቸው። መብራቱን ደጋግማ አጠፋች፣ አበራች። አልተለያዩም።

«መንታም እንዲህ አይስማማም!» አለች። «እሺ ምናልባት፣ ዛሬስ እርግጠኛ ነህ?»

ሁሉም ሳቁ። ጋሼም ሳቁ፣ ቶሎ ብለውም መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ። ወጣቱ እሳቸውን ቀና ብሎ ለማየት አፈረ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፉ ሁሉ የሌባ እንቅልፍ ሆነ። ጋሼ በኮሪደሩ ሲመጡ በሌላው በኩል ይዞራል። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናዋል፦ የሰረቀው እሱ ቢሆንም መልሱ የጋሼ ነው።

ፓምፑ ለሆስፒታሎች ከተዳረሰ በኋላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሆስፒታል ተኛች። ሊጠይቃት ሲገባ ፓምፑ አልጋዋ አጠገብ ቆሟል።

«አየኸው?» አለች፣ ክንዷ ላይ የተተከለውን ቱቦ እያሳየችው። «ወንድሜ ነው የሠራው ብላት ነርሷ አላምን አለች።»

«ብቻዬን አልሠራሁትም፣ እትዬ።»

«ጀመረህ ደግሞ! እኔ እንደሁ ተማምኜ ተኝቻለሁ።»

ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ድርግም ብሎ ተመለሰ። ወጣቱ ብድግ አለ። ፓምፑ ጸጥ ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

«አይዞህ፣ እዚህ ቤት የመብራቱ አመል ነው» አለች እህቱ። «ምነው ላብ አጠመቀህ?»

የጋሼ መልስ ነው፣ አለ ለራሱ። ጋሼ አይሳሳቱም። ሆኖም ከሆስፒታሉ ወጥቶ በቀጥታ ወደ እሳቸው ክፍል ሄደ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምነው ልጄ? እህትህ ባሰባት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት። የኛ ፓምፕ ነው የተተከለላት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያለውን... ከሰሌዳዎ ላይ ሰርቄ ነው። ክፍልዎ ገብቼ ሳይሆን ከደጅ ቆሜ አየሁት። ሁለቱም ቺፖች ውስጥ ያለው የእርስዎ ሐሳብ ብቻ ነው። የእርስዎ ባይሆን ኖሮ አሁኑኑ ቱቦውን ከክንዷ ላይ እነቅለው ነበር።»

ቁጣቸውን ጠበቀ። ጋሼ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አወለቁ፤ አልጠረጉትም። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ያን ሰኞ በር ልዘጋ ገብቼ ከሰሌዳህ ላይ ስገለብጠው» አሉ፣ «አንተ እርግጠኛ የሆንክ መስሎኝ ነበር።»