ኮቱ ላይ የተገኘው ፀጉር

ስንዱ የባሏ የታምሬ ኮት ላይ ረጅም የሴት ፀጉር ማግኘት ከጀመረች ሰነባብታለች። አንዳንዱ ጥቁር ነው፣ አንዳንዱ ቀይ። ታምሬ «ጋራዥ ነው የምውለው፤ ነፋስ አምጥቶት ይሆናል» ይላታል። እጁ ግን ግራሶ ሸትቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ተከተለችው። መጋረጃ የተጋረደበት ቤት ገባ። ቀጥሎ አንዲት ቆንጆ ስትገባ የስንዱ ደም ፈላ። ጥቂት ታግሳ በሩን በረገደችው።

ታምሬ ሽርጥ ታጥቆ፣ እያንጎራጎረ የቆንጆዋን ፀጉር ይጎነጉናል። እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም።

ሚስቱን በመስታወቱ ሲያያት ጉንጉኑን ለቀቀው።

«ባሌ ሹሩባ ሠሪ ነው ብለሽ እንዳታፍሪብኝ ፈርቼ ነው» አላት።

ስንዱ ሻሿን ፈትታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ፀጉሬን ለመሠራት የሰው ደጅ ስጠና ዝም ብለህ ታየኝ ነበር?»