አንገቷን የደፋችው ፒክአፕ

ጡረታ የወጡት ሾፌር በረንዳ ላይ ቆመው ግቢውን ሲያዩ ዓይናቸው ነጯ ፒክአፕ ላይ አረፈ። ፊቷ ወደ መሬት አጎንብሷል።

«አንገቷን ደፍታለች» አሉ።

«አባባ፣ መኪናዎ ደህና ናት። የደከመው ዓይንዎ ነው» አለች ልጃቸው። «በቃ፣ መንዳቱ ይቅርብዎትና ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ።»

«ዓይኔ ደከመ? ያቺን አንገቷን የደፋችውን ዛሬውኑ ቀና ካላደረግኩ ቁልፉን ውሰጂ!»

ልጅቱ ሥራ ስትሄድ ክሪካቸውን ይዘው ወረዱ። የመኪናዋን ፊት አንስተው ጆንያ ላይ በጀርባቸው ተኙ። የፊቱን ክብደት የሚሸከሙት ሁለቱ የብረት ዘንጎች ብሎናቸው ሲጠብቅ ይጠመዘዛሉ፤ ያኔ ፊቷ ከፍ ይላል። ይህን ለማወቅ ዓይን አያስፈልጋቸውም። በጣታቸው እየዳበሱ በግራ ስድስት፣ በቀኝ አራት ዙር አጠበቁ። ክሪኩን አውርደው በከዘራቸው ለኩ። ግራና ቀኙ እኩል ሆነ።

ማታ ልጃቸው ስትገባ ተከራያቸው አቶ ደበሌ መኪናዋን እየዞሩ ያዩ ነበር።

«ሦስት ጋራዥ ያቃተውን! ኧረ የኔን መኪና ማነው እንዲህ ያቃናት?»

ልጅቱ ከኋላ ወደቆመችው ሌላዋ ነጭ ፒክአፕ፣ ከዚያም በረንዳው ላይ ወደቆሙት አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ የእርስዎ እኮ ያቺ ናት!»

ሽማግሌው ዘይት የነካ እጃቸውን ጠረጉ።

«አንገቷን የደፋችውን አልኩ እንጂ፣ የእኔን መቼ አልኩ?» አሉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።