በሁለት ጓጉንቸር የተቆለፈው አጥንት

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሥራ አጥንት መስበር ነው። ለምርምር በተሰጠ የሟች ጭን አጥንት ውስጥ የብረት ዘንግ በሲሚንቶ ታጣብቃለች። ሲሚንቶው ሲደርቅ ማሽኑ ላይ ታስረውና አጥንቱ እስኪሰነጠቅ ድረስ ትጫነዋለች። ሰኞ የሰነጠቀችው አጥንት ማክሰኞ ጠዋት ደህና ሆኖ ተገኘ።

"ሳትሰብሪው ሰበርኩ ብለሽ ጽፈሻል" አላት ኃላፊው። ድሮም ዓይንና ናጫ ነበሩ።

"እርስዎ ቀይረውት ነዋ! እኔን ለማባረር ሰበብ ሲፈልጉ ከርመዋል።"

"እንግዲያው ዓይኔ እያየ ስበሪው። ነገም ደህና ሆኖ ካገኘሁት ግን ዕቃሽን ሰብስበሽ ትሄጃለሽ።"

አጥንቱ ቋ ሲል ሁለቱም ሰሙት። ስንጥቁ ላይ ሁለቱም ፈረሙበት፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከተቱትና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጓጉንቸር ቆለፉበት። ደህና ይደሩ፣ ደህና እደሪ እንኳን ሳይባባሉ ተለያዩ።

በማግስቱ ጓጉንቸሮቹ እንደተቆለፉ ነበሩ። ሁለቱም የየራሳቸውን ከፈቱና እሷ አጥንቱን አወጣችው። ፊርማዎቹ አሉ፤ ስንጥቁ ግን የለም። በስንጥቁ ቦታ የሕያው ሰው ስብራት ሲጠገን እንደሚያብጠው አዲስ አጥንት አብጦ ፊርማዎቹን ለሁለት ከፍሏቸዋል። ሲሰነጠቅ ከሲሚንቶው ተላቅቆ የነበረውም የአጥንቱ ጠርዝ ተመልሶ ሲሚንቶውን ጨምድዶ ይዞታል።

"ምን ቀብተሽበት ነው?" ብሎ ከእጇ መነጨቃት። ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ለቀቀውና ግድግዳው እስኪይዘው ድረስ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"አሁንም እኔ ነኝ?" አለችው።

"ይሞቃል" አለ።