የቀረው አንድ መረብ

ባሏ በደህናው ግራ እጁ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነው። ግማሽ ጎኑ ሽባ ከሆነ ወዲህ በስልኩ ጌም ውስጥ አውሬዎቹ ላይ መረብ መወርወር የእሷ ሥራ ሆኗል። የእሱን አንሶላ ስታጥብ የጎበጠ ወገቧ ገና አልተቃናም።

“አንድ መረብ ነው የቀረን፤ ቀንድ አውጣውን እንያዝ ወይስ ንስሩን? አሁን የምንይዘው ነው እስከ መጨረሻው አብሮን የሚሄደው።”

“አንተ ሰውዬ፣ በሰባ ዓመትህ አውሬ ታሳድዳለህ?”

“ምረጪ አልኩሽ! ቀንድ አውጣው ታማኝ ነው። ግን አይራመድም፤ ተሸክመሽው ነው የምትዞሪው።”

እጇ ቀደማትና ንስሩን ነካችው። መረቡ ንስሩን ጠቅልሎ ያዘ፤ ቀንድ አውጣው ሣሩ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ባሏ ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠ። ልጃቸው “እኔ ቤት ሆነህ ላስታምምህ” ብላ ስትለምነው፣ ሳምንት ሙሉ “ከቤቴ ንቅንቅ አልልም” ሲል የከረመ ሰው ነው።

“ለልጅሽ ደውዪላት” አለ ቀስ ብሎ። “ትምጣና ትውሰደኝ።”

“የትም አትሄድም” ልትለው አፏን ከፈተች።

“ወፍራሙን ሹራብ ሻንጣህ ውስጥ እጨምርልሃለሁ” አለችው።