በሬው የከረመበት ቤት

ያለው የሚባለው ዳኛ አንዱን መዝገብ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ አገላብጦታል። ነገሩ የአንድ በሬ ነገር ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ከዚህ የከበዱ ስንት መዝገቦች ተቆልለውበታል፤ እንቅልፍ የነሳው ግን ይኸው ነው።

ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት የወይዘሮ እናኑ በሬ በሰኔ ጭጋግ ከቡሬ ወዲህ ካለ መስክ ጠፋ። በኅዳር ማንኩሳ ገበያ ላይ ተገኘ። ገመዱን ይዞ የቆመው ዘሚካኤል የሚባል ወጣት ገበሬ ነበር።

ወይዘሮ እናኑ ባላቸው የሞቱባቸው ናቸው። ማሳቸው ክረምቱን ጦሙን አደረ። ዳኛ ያለው የገበሬ ልጅ ስለሆነ ነገሩ ይገባዋል፤ የእሱም አባት በግንቦት አንዱ በሬያቸው ሞቶባቸው መላ ቅጡ ጠፍቷቸው ነበር። ደግነቱ ለቀሪው በሬ መቀናጆ አግኝተው ጤፋቸው በጊዜ መዘራቱን እናቱ በስልክ ነግረውታል። ወይዘሮ እናኑ ግን የሚያቀናጃቸው እንኳ አላገኙም። ሴትዮዋን ባየ ቁጥር አንጀቱን ይበሉታል።

ዘሚካኤል የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ «ወስደህ ሽጥልኝ» ብለው ሰጡኝ። በሬው የሰው መሆኑን አላወቅሁም።

«ማን ናቸው?» አለ ዳኛው።

«አልናገርም ጌታዬ። ምዬላቸዋለሁ።»

«ልጆች አሉህ?»

«ሦስት። ጤፌም አልታጨደም።» ቀና ብሎ ዳኛውን አየና ወዲያው አቀረቀረ። «ቢሆንም አልናገርም። እዚህማ ጭራሽ አልናገርም።»

ዐቃቤ ሕጓ ተነሣች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ስም የሌለው ሽማግሌ የሌባ ሁሉ ዘመድ ነው» አለች። ችሎቱ ሳቀ።

ዳኛው አልሳቀም። በፊት በሠራበት ወረዳ እንዲሁ ስም አልናገርም ባለ ሰው ላይ ፈርዶ ነበር። ፍርዱ በይግባኝ እስኪሻር ሰውየው ሰባት ወር ታሰረ። የተፈታ ዕለት ቢሮው ድረስ መጥቶ እጁን ጨብጦት ሄደ። የዚያ ሰው እጅ ሻካራነት እስከ ዛሬ ከያለው መዳፍ አልጠፋም።

መፍትሔውን ያመጡት ወይዘሮ እናኑ ናቸው።

«በሬው ይለቀቅ» አሉ። «ክረምት የከረመበትን በረት በሬ አይረሳም። ማንኩሳ ላይ ለቀን እንከተለው። ወደዚህ ልጅ ቤት ከወጣ ይታሰር። ካልወጣ ግን እኔ የሰው ግፍ አልሸከምም፣ የሦስት ልጆች አባት አላሳስርም።»

«በሬ ቃለ መሐላ አይፈጽምም» አለች ዐቃቤ ሕጓ።

ዘሚካኤል ፊቱ አመድ መሰለ። ሁለት ፖሊሶች እስኪይዙት ድረስ ወደ መድረኩ ተጠጋ።

«ይቅር ጌታዬ! በሬው አይለቀቅ። እኔ ነኝ የሰረቅሁት፤ ይኸው አመንሁ። ይፍረዱብኝና ይብቃ።»

ችሎቱ አጉረመረመ። ዐቃቤ ሕጓ የእምነት ቃሉ ይመዝገብልኝ አለች። ወይዘሮ እናኑ እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ለካ እሱ ኖሯል» አሉ። ዳኛ ያለው መዝገቡን እዚያው ዘግቶ ምሳውን መብላት ይችል ነበር።

መዳፉን አየ።

«ማመንህ ይመዘገባል» አለ። «እውነት መሆኑን ደግሞ ሄደን እናያለን።»

በማግስቱ ከፖሊስ ጣቢያ በሬውን አስጭነው ማንኩሳ ወረዱ። ከገበያው ዳር መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ዳገቱ ወደ ዘሚካኤል መንደር ይወጣል፤ ቁልቁለቱ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ፖሊሱ ገመዱን ፈታ።

በሬው ቆመ። ጆሮውን አራገፈ። ከዚያ ዳገቱን ይዞ አሥር እርምጃ ያህል ወጣ።

«ይኸው» አለች ዐቃቤ ሕጓ።

የመንገዱን ዳር ሣር ትንሽ ጋጠና ዞረ። አጠገባቸው አልፎ ቁልቁለቱን ተያያዘው። አረማመዱ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ነበር። ወንዙን ሲሻገር ሁሉም ጫማቸውን ለማውለቅ ቆሙ፤ ዳኛው ብቻ እግሩ ሥር ሳያይ ድንጋዮቹን እየረገጠ ተሻገረ።

«ይመለሱ ጌታዬ» አለ ዘሚካኤል። እጁ በካቴና ታስሯል፤ እንባውን የሚጠርግበት አልነበረውም። «በገብርኤል ይሁንብዎ፣ ከዚህ ይመለሱ። አምኛለሁ እኮ!»

ዳኛው ፊት ፊት ይሄድ ነበር፤ ፊቱን ያየ የለም። ማዶ ላይ ሲደርሱ እርምጃው ቀነሰ። ከዚያም ቆመ።

በሬው ግን አልቆመም። በደረሰ የጤፍ ማሳ ዳር አልፎ፣ የአንድ ግቢ አጥር ጋ ሲደርስ መዝጊያውን በቀንዱ ገፋ። ከውስጥ «ቦራ! በገዛ እግርህ መጣህ?» እያሉ አንድ ሽማግሌ ወጡ።

ከበሬው ኋላ ራቅ ብሎ የቆመውን ዳኛ ሲያዩ የያዙት ማጭድ ከእጃቸው ወደቀ፤ «ያለው፣ ልጄ» አሉ፤ «እናትህ ነገረችህ እንዴ?»