እርጥብ ነጭ

አዛውንቱ ሠዓሊ ከዛጎል ዱቄት የተበጠበጠውን ነጭ ቀለም በሥዕሉ ላይ ባለው ሽመላ ክንፍ ላይ አሳረፉ፤ ሳሳባቸውና ደገሙት። ብሩሹን ለሦስተኛ ጊዜ ሲነክሩ፣ ከጎናቸው የተንበረከከችው ተማሪያቸው ፉሚኤ ስህተቱን አየች። ይህ ቀለም እርጥብ ሳለ አይታይም፤ ነጭነቱ የሚወጣው ሲደርቅ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት እሷ በዚሁ ስትሳሳት፣ “አንቺ ችኩል፣ ክንፍ ነው ወይስ ግድግዳ የምትለስኚው?” ብለው ተማሪውን ሁሉ አስቀውባት ነበር።

ሥዕሉ በማግስቱ ለኤግዚቢሽን የሚሄድ ነበር፤ አሁንም ከደረቡበት ክንፉ ይበላሻል። መምህርን ማረም ደግሞ በዚያ የሥዕል ቤት ነውር ነው።

“መምህር፣ ክንፍ ነው ወይስ ግድግዳ የሚለስኑት?” አለች በመጨረሻ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሳቁ፤ ብሩሹንም አስቀመጡ።

“ግሩም አነጋገር ነው” አሏት። “ማን አስተማረሽ?”

ፉሚኤ የሚቀልዱ መስሏት ቀና አለች። መልሷን ከልባቸው እየጠበቁ ነበር።